ፈረሰኛው ለማን ይድረስ?

የነቢያት ጾም ከገባ ገና ሳምንት አልሞላውም፤ ልጆቼ ግን ስለ መፍቻው ንትርክ ጀምረዋል። «አባባ፣ የዘንድሮ ገና የት ነው?» ይሉኛል። የት ነው ይባላል እንዴ? ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ቦታውም አባትና እናት ያሉበት ቤት ነው። እኔ ሳድግ ይህን የጠየቀ ልጅ አላውቅም፤ ቢጠይቅም መልሱ የሚመጣው ከአፍ ሳይሆን ከአለንጋ ነበር። ዛሬ ግን ቴሌግራም ላይ ቡድን ይከፈታል፤ ሐሳብ ይቀርባል፤ ድምፅ ይሰጣል። እኔንም አስገብተውኛል። አንዲት ቃል ለቅሜ እስክጨርስ እነሱ ሦስት ጉዳይ ወስነው፣ በሁለቱ ተኳርፈው፣ ታርቀውም ይጠብቁኛል። በመጨረሻ «አባባ፣ አውራ ጣት ላክና ይጽደቅ» አሉኝ። በኛ ጊዜ በአውራ ጣት የሚፈርም ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነበር።

የቀረቡት ሐሳቦች ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ እኛ ቤት ይሠራና ሁሉም ይምጣ። ሁለተኛው፣ ትልቋ ልጄ ቤት እንሂድ፤ እኔና እናታቸው «እንረፍ»። ሦስተኛው የታናሹ ሐሳብ ነው፦ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የበዓል ቡፌ እንብላ። ይህን የጻፈው ልጅ በእናቱ ዶሮ ወጥ ያደገ ነው። ሌላ አልናገርም፤ ጾም ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲከብደኝ የምሄደው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲጠጉ ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ ቢልጫው ከመረብ ይፈታል፤ ጎረምሶቹ ቅርፊቱን ገፈው ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ፤ ጥሬውን በዳጣና በሚጥሚጣ የሚወድ እዚያው ቆሞ ይበላል፤ እንደኔ ጥርሱ የከዳው ደግሞ ሾርባ ይዞ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ከፊት ለፊት አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ ጥቁር ካባውን ደርቦ፣ ራሰ በራውን አዘንብሎ፣ ይግባኝ እንደሚሰማ ዳኛ ቆሟል። መረብ አይጥል፣ ቢላዋ አይስል፣ ሽንኩርት አይልጥ፤ ከግብዣ ግን ቀርቶ አያውቅም። ጭንቅላቱም አንጀቱም እግሩ ሥር ይወረወርለታል። ሳየው እቀናለሁ። «ዘንድሮ አንተ ቤት ነው» ያለው ማንም የለማ!

«ፋዘር፣ ሾርባው ይደገም?» ይለኛል አሳላፊው ልጅ። ፋዘር! አያቱ የምሆን ሰውዬ። ይደገም አልኩት፤ ቅሬታዬን ግን አልተውኩም።

ጉባኤያችን አራት ሰው ነው። አንዱ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ሁሉን ያውቃል። አንዱ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር፤ እሱ ደግሞ ሁሉን ይከለክላል። ሦስተኛው የሲዳማ ሰው፣ የብዙ ዘመን ጎረቤቴ ነው፤ ያዳምጣል። አራተኛው እኔ ነኝ። ዲያቆኑ በጾም ዓሣ አይነካም፤ ለሾርባው ጀርባውን ሰጥቶ ሻይ ብቻ ይጠጣል። መምህሩ «ዓሣ የተከለከለው ለዐቢይ ጾም ነው እንጂ ለዚህ አይደለም» ይለዋል፤ ዲያቆኑም «ሆድህ ያስተማረህን መጽሐፍ ያስተማረህ አታስመስል» ይለዋል። ይህ ክርክር በየዓመቱ ኅዳር 15 ይከፈትና ታኅሣሥ 28 ማታ ሳይዘጋ ይበተናል። እነሱ እስኪደክማቸው እኔ ሾርባዬን እጨርሳለሁ።

ነገሬን አቀረብኩ። መምህሩ ብዙም ሳያስብ «ሂድና ተጋበዝ! ስትደግስ ኖረህ የለም? አሁን ተራህ ነው» አለኝ።

ስትደግስ ኖረሃል ማለቱ እውነቱን ነው። ሐዋሳ ቤት ያለው ሰው ሳያስብ ደጋሽ ነው። ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ሲደርስ ከአዲስ አበባ፣ ከሻሸመኔ፣ ከዲላ፣ ከሶዶ ሰው ይጎርፋል። ሆቴሉ ይሞላል፤ የአልጋ ዋጋ ይወደዳል፤ ሰው ሁሉ ዝምድናውን የሚያስታውሰው ያን ጊዜ ነው። ደውሎ «ለገብርኤል እየመጣሁ ነው» ይላል እንጂ «ልምጣ ወይ?» አይልም። ስለት ያለበትን ሰው ማን ይከለክላል? ሳሎኔ ፍራሽ በፍራሽ ይሆናል። የራሴን መጸዳጃ ቤት ለመጠቀም ተራ እይዛለሁ። የታኅሣሡ በጾም ስለሚውል ሽሮና ምስር ይበቃል ብዬ ስጽናና «ሐዋሳ ድረስ መጥተንማ ዓሣ ሳንቀምስ አንመለስም!» ይላሉ። የዲያቆኑን ግሣጼ የምሰማው ግን እኔ ነኝ። እነሱን ሸኝተን ስንመለስ ለገና የሚቀረው ዐሥር ቀን ነው። ፍራሹ እንኳ ተናፍሶ አይገባም።

እንግዲያው መጋበዝ ይሻላል? ቆይ፣ እሱንም እንየው።

እንግድነት ሥራ ነው፤ ያውም ጡረታ የሌለው ሥራ። በባዶ እጅ አይኬድም። ድሮ የሚያዘው ድፎ ዳቦ ነበር፤ ቢወድቅም ዳቦ ነው፣ ይነሣል። ዛሬ ኬክ ሆኗል። ባጃጅ ላይ ኬክ አቅፎ በሐዋሳ መንገድ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ እያንዳንዱን ጉድጓድ በሆዴ ነው የምቀበለው። ትልቋ ልጄ ቤት ስደርስ ጫማ ማውለቅ አለ፤ ካልሲዬ ቀዳዳ እንዳለው ትዝ የሚለኝ ደጃፉ ላይ ነው። ሶፋቸው ከመጥለቁ የተነሣ ለመቀመጥ አንድ ሰው፣ ለመነሣት ሁለት ሰው ያስፈልገኛል። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። የልጅ ልጆቼ ዓይናቸውን ከስልክ ሳይነቅሉ ጉልበቴን ይስማሉ፤ አንዴም በስሕተት የሶፋውን ክንድ ስመው አልፈዋል።

ምግቡ ቢቀርብም ዘሎ አይበላም። ወግ አለው። መጀመሪያ «በቃኝ፣ ቤት ቀምሼ ነው የመጣሁት» ትላለህ። ውሸት ነው፤ ሌሊቱን ቅዳሴ ቆመህ አድረህ ጠኔ ሊጥልህ ነው። «በሞቴ!» ይሉሃል፤ ትንሽ ትጠጋለህ። «አፈር ስሆን!» ይሉሃል፤ አንዲት ጉርሻ ታነሣለህ። እምቢታው በጨመረ ቁጥር ልመናው ይጨምራል፤ ጎን ለጎን ሆዱም ይሞላል። አሠራሩ ይህ ነበር። አማቼ ግን ዘመናዊ ሰው ነው፤ የሰውን ምርጫ ያከብራል። አንዴ «በቃኝ» ብለው «እሺ አባባ» ብሎ ሳህኔን አነሣው። እንዲህ ያለ አክብሮት ጠላቴንም አይግጠመው። ልጄ እናቷን እያጫወተች አላየችም። እኔም ሳህኑ ወደ ጓዳ ሲገባ በዓይኔ ሸኘሁት።

ከበላህ በኋላም አታርፍም፤ ትመርቃለህ። ብታሳጥር ቅር ይላቸዋል፤ ብታስረዝም ቡናው ይቀዘቅዛል። የአንዱን ልጅ ፈተና መርቀህ የሌላውን ብትረሳ እስከ ፋሲካ ይወቀስብሃል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የፈረሰኛው ነገር ነው። ዘንድሮ የተወለዱ ሁሉ ስለማያውቁት ልንገራቸው። ዶሮ በወግ ሲበለት 12 ቦታ ይወጣዋል። ከነዚያ መሐል ፈረሰኛ የሚባለው የአባወራው ድርሻ ነው። በቤቴ ስሆን መብቴ ነው፤ ድስቱ ውስጥ እያለ እንኳ ሁሉም ያውቀዋል፤ ጭልፋው ይዞረዋል። ልጄ ቤት ግን አባወራው ማን ነው? ኪራዩን የሚከፍለው አማቼ ነው። ለኔ ቢሰጡኝ በገዛ ቤቱ አባወራነቱን የነጠቅኩት ይመስላል፤ ለሱ ቢሰጡት ሽማግሌ እያለ ለጎረምሳ ተሰጠ ሊባል ነው። አንድ በዓል ላይ ይህን ሁሉ በልቤ ሳወጣ ሳወርድ ወጡ መጣ። ለካ ዶሮው ከሱፐርማርኬት ተቆራርጦ የተገዛ ነው! ስንት ቦታ እንደወጣ የቆጠረ የለም፤ ፈረሰኛው የቱ እንደሆነ የሚያውቅም የለም። የልጅ ልጄ እግሩን ይዞ ወደ ካርቱን ፊልሙ ሄደ። ክርክሩ በዚያው ተዘጋ።

የቡፌውን ነገርማ አታንሡብኝ። ሰባን ያለፈ ሰው ሳህን ይዞ ይሰለፋል። ከፊቱ ያለችው ወይዘሮ እንቁላል ስትመርጥ ቆሞ ይጠብቃል። እዚያ እንግዳም አይደለህ፣ ባለቤትም አይደለህ፤ ከፋይ ነህ። «በሞቴ» የሚልህ የለም፤ ደረሰኝ ግን ይሰጥሃል። አበው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲሉ የአስተናጋጁን ፊት ማለታቸው አይመስለኝም።

ስለዚህ ወደ ቤቴ ተመልሼ «በቃ፣ እኛው እናበስላለን» አልኩ።

ባለቤቴ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። «እኛ ስትል ማን ማን ነው?»

«እኔና አንቺ ነና!»

«አንተ ምን ልትሠራ?»

«ዶሮውን አርዳለሁ።»

ሴት ዶሮ አታርድም፤ በኛ ወግ የወንድ ሥራ ነው። ቤቱ ወንድ የሌለበት ቢሆን መንገደኛ ተጠርቶ ይታረዳል። ስለዚህ የኔ ድርሻ ቀላል አይደለም። እሷ ግን ምስሩን አስቀምጣ የራሷን መቁጠር ጀመረች። ሽንኩርቱ ከዋዜማው ጀምሮ ይላጣል፣ ይደቃል፤ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ ይቁላላል፤ እንዳያር ከአጠገቡ አይነሡም። በርበሬው ይገባል፤ ውሃ ጠብ እየተደረገለት ሽታው እስኪለወጥ ይማሰላል። የተነጠረው ቅቤ ይከተላል። ዶሮው ላባው ይነጫል፣ በእሳት ይለበለባል፣ ይበለታል፤ ከዚያ በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል፣ እንደገና ይታጠባል። እንቁላሉ ይቀቀላል፣ ይላጣል፣ ወጡ እንዲገባው ጫር ጫር ይደረጋል። መከለሻው በመጨረሻ ነው። እንጀራው ሌላ፣ ጠላው ሌላ፣ ቤት መጥረጉ ሌላ፣ ቄጠማው ሌላ። ስትጨርስ «ያንተ ሥራ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አለችኝ።

ጥያቄው ተንኮል ስለነበረበት አልመለስኩም።

በዚያው ሰሞን ደግሞ አሜሪካ ያለችው ልጄ ደወለች። የሷም ጭንቅ ያው ነው፤ ቀኑ ብቻ ይለያል። እዚያ የምስጋና ቀን የሚሉት በዓል አለ። ሊንከን በ1863 እ.ኤ.አ. አወጀው፤ ምክር ቤታቸው ደግሞ በ1941 እ.ኤ.አ. የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ይሁን ብሎ በሕግ ቆረጠው። አገር ሙሉ በሕግ ቀኑን ቆርጦ፣ ማን ቤት እንደሚበላ ግን ለየቤቱ ጠብ ተወው። ሐሙሱም ብዙውን ጊዜ የሚውለው የኛ ጾም ከገባ በኋላ ነው። ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብላ ታስባለች፦ ሰው ብጠራ በጾም ሥጋ ልሠራ ነው፤ ብጋበዝ የሰው ማዕድ ላይ ቀርቤ «አልበላም» ልል ነው።

«ታዲያ ምን ወሰንሽ?» አልኳት።

«ጎመንና ምስር ሠርቼ ይዤ እሄዳለሁ፤ እዚህ ሁሉም የየራሱን ይዞ ነው የሚመጣው» አለችኝ።

ወጡን ይዞ የሚሄድ እንግዳ! ይሄ እንግዳ ነው ወይስ አቅራቢ? ስለ ወፉም ነገረችኝ። ተርኪ ይሉታል፤ ከዶሮ የሚተልቅ ፍጥረት ነው፤ የሚገዛው በረዶ ሆኖ ነው። ሰባት ኪሎ የሚመዝነው ከበረዶው እስኪላቀቅ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ያህል ይቀመጣል። የኔ ዶሮ ንጋት ላይ ይጮኻል፣ ለምሳ ይቀርባል፤ በመካከሉ ሦስት ቀን የሚያስተኛ ነገር የለም። ደግሞ ሆዱን ባዶ አድርገው ዳቦ ይሞሉበታል። እኛ ዶሮውን በዳቦ እንበላለን፤ እነሱ ከሞተ በኋላ ዳቦ ያበሉታል። ለነገሩ የኛ ልጆች በበርበሬ አሽተው ከጎኑ ዶሮ ወጥ ያቀርቡለታል አሉ። እሱስ ደግ አደረጉ።

ይህንን ሁሉ በማግስቱ አሞራ ገደል ሄጄ ዘረገፍኩት። መምህሩ አሁንም ተጋበዝ አለ። ዲያቆኑ ስለ ተርኪው አማተበ። ዝም ብሎ ሲሰማ የነበረው የሲዳማው ጎረቤቴ ግን ሳቀ።

«እናንተ ምግቡ ሳይሆን ጥያቄው ነው የበዛባችሁ» አለ።

ከዚያ ስለ ፊቼ ጫምባላላ አስታወሰን። የሲዳማን የዘመን መለወጫ ቀን አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ኮከብ አይተው ይናገራሉ፤ ስብሰባ የለም፣ አውራ ጣት የለም። ለፊቼ በየቤቱ ቡሪሳሜ ይሠራል፤ ከእንሰት ተዘጋጅቶ ቅቤ የጠገበ፣ ከወተት ጋር የሚቀርብ ማዕድ ነው። ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ ዙሪያውን ከቦ ይበላል። በጫምባላላ ደግሞ ልጆች «አይዴ ጫምባላላ!» እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ የገቡበት ቤት ሁሉ ያበላቸዋል። ማን ደጋሽ፣ ማን ተጋባዥ እንደሆነ የሚለይ የለም። ሁሉም አብስሏል፤ ሁሉም ሄዷል። ዩኔስኮም በ2015 እ.ኤ.አ. የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦላቸዋል። የኔን ቤት ቴሌግራም ማን ይመዘግበዋል?

ነገሩ ቆረቆረኝ፤ እውነት ነውና። እኛም ብንሆን ድሮ በበዓል ቀን በር አንዘጋም ነበር። ያለፈ ያገደመው ይገባል፣ ይቀምሳል፣ መርቆ ይወጣል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲባል የሰማ ሰው በሩን ለመዝጋት ድፍረት የለውም። «የት እንብላ?» የሚባለው ጥያቄ የመጣው በሩ ከተዘጋ ወዲህ ነው። በር ሲዘጋ መጥሪያ ያስፈልጋል፤ መጥሪያ ሲመጣ ተራ ይመጣል፤ ተራ ሲመጣ ጠብ ይመጣል። ይህን ንግግር አሳምሬ፣ ለባለቤቴ ልነግራት ወደ ቤት ገሠገሥኩ።

እሷ ግን ቀድማኝ ጨርሳዋለች፤ ያለ ንግግር።

ከግቢያችን ኋላ ያሉትን ክፍሎች የተከራዩት ሴት ልጆች የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ናቸው። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በሐዋሳ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ያሉ ልጆች አሉት፤ ከየገጠሩ የመጡ፣ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት የሚኖሩ። የአንድ ቀን በዓል አገራቸው አድርሶ አይመልሳቸውም። ባለቤቴ ልብስ ሲያሰጡ አግኝታ «ለገና የት ናችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩና «እዚሁ ነን እማማ፣ እንተኛለን» አሏት።

«በበዓል ቀን ተኝተው ሊውሉ?» አለችኝ። «እኔ ኬክ ይዤ ሰው ቤት ስሄድ እነዚህ ልጆች በጓሮዬ በራቸውን ዘግተው? ዶሮው እዚህ ይሠራል!»

የቴሌግራሙን ቡድን ከፍታ በድምፅዋ ላከች። አንድ ጊዜ ብቻ። ትልቋ ድፎ ጋግራ ትመጣለች፤ ኬክ የሚባል አልይ። አማች ዘመናዊነቱን ቤቱ ትቶ ከዋዜማው ገበያ ወጥቶ የሐበሻ ዶሮ ይገዛል፤ በእግሩ የቆመ፣ የሚጮኽ። ቡፌ ያለው ታናሹ ሽንኩርት ይልጣል፤ እንባውም የሐሳቡ ካሳ ይሁን። የጓሮዎቹ ልጆች እንግዶች ናቸው፤ ጭልፋ እንዳይነኩ። ከሁሉም አውራ ጣት መጣ፤ አማቼ እንዲያውም ሁለት ላከ። እኔ ሳምንት ሙሉ ያልቋጨሁትን ጉባኤ በአንድ ትንፋሽ በተነችው።

«እኔስ?» አልኳት።

«ታርዳለህ። ነጭ ሽንኩርትም ትልጣለህ።»

ነጭ ሽንኩርቱን ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍኩት። ዋናው ነገር ቤቴ ነኝ፣ አባወራ ነኝ። ልቤ ሞላና ጠየቅኋት፦ «ፈረሰኛው እንግዲህ...»

«ለእንግዳ ነዋ!» አለችኝ። «ከልጆቹ ታላቂቱ ትበላዋለች። አባቷ ቤት ብትሆን ማን ያስብላት ነበር?»

ክርክር ጀምሬ ነበር፤ ምስሩን ማንቀርቀብ ስትጀምር ተውኩት። ፍርዱን ግን እናንተው ስጡ። ሰው ቤት ስሄድ ፈረሰኛው የባለቤቱ ነው። በቤቴ ስሆን ፈረሰኛው የእንግዳው ነው። ወግ ነው፣ ወግ ነው ይሉኛል፤ እኔ ወንበር በለወጥኩ ቁጥር ወጉም አብሮኝ ይለወጣል። ልጅቱ ትብላው፤ አልቀናም። ዕድሜዋም ጥርሷም አለ። የፋሲካውን ግን ከአሁኑ ማሰብ ጀምሬአለሁ። ዶሮ 12 ቦታ የሚበልት፣ ሶፋው ያልጠለቀ፣ «በቃኝ» ስል የማያምነኝ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፤ ምርቃቱን አላሳጥርም።